የተማሪው የጽሕፈት ችግርና የጽሕፈት መሣሪያው፤ ከጎጃም የቅኔ ቤት እስከ ዛሬው መማሪያ ክፍል

መግቢያ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ አንድ ጥያቄ መመርመር ነው። ይኸውም፥ አንድ ተማሪ በዓይኑ ወይም በእጁ ጉዳት ምክንያት እንደ ጓደኞቹ ብዕር ይዞ ለመጻፍ ባልቻለ ጊዜ፥ የሚረዳው መሣሪያ በምን ሚዛን ይመረጥ? የሚል ነው። ጥያቄው ሲያዩት የመምህራንና የሐኪሞች ብቻ ይመስላል። እኛ ግን የታሪክም ጥያቄ ነው ብለን እናምናለን። መሣሪያ ሁሉ የሚወለደው በዘመኑ ከነበረው የሥራ ዓይነት ነውና፥ ሥራው ሲለወጥ የተማሪውም ችግር አብሮ ይለወጣል።

ለምርመራችን መነሻ ያደረግነው የምሥራቅ ጎጃምን ደጋ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዓባይን ተሻግሮ በደጀን በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ መንገደኛ፥ የአዋበል ወረዳ ከተማ የሆነችውን ሉማሜን በመንገዱ ላይ ያገኛታል። በዚህ አገር ሁለት ዓይነት ትምህርት ጎን ለጎን ይኖራል። አንደኛው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የቆየው ትምህርት ነው፤ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ፥ ወደ ምዕራብ ሲሉም ዋሸራና ጎንጅ ቴዎድሮስ ስማቸውን ያስጠሩበት ነው። ሁለተኛው በጥቁር ሰሌዳ፥ በደብተርና በፈተና የሚካሄደው የመንግሥት ትምህርት ነው። በመጀመሪያው ዓይነ ሥውር የሆነ ሰው ተምሮ፥ አስመስክሮ፥ ራሱ ጉባኤ ዘርግቶ ሲያስተምር ኖሯል። በሁለተኛው ግን ይኸው ሰው የፈተና ወረቀቱን በራሱ እጅ መሙላት አቃተው። ሰውየው አንድ ነው፤ ዓይኑም ያው ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

እኛ በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያደግን ስለሆንን፥ የቤተ ክህነቱን ትምህርት የምናየው ከውጭ ሆነን ነው። ስለዚህ ያለ ልክ ላለማመስገንም ያለ ፍርድ ላለመንቀፍም ተጠንቅቀናል።

ብዕር የሁሉ ሰው ሥራ ባልነበረበት ዘመን

ዛሬ «ማንበብና መጻፍ» ስንል ሁለቱን ቃላት እንደ አንድ ቃል አያይዘን እንናገራለን። በቀድሞው ዘመን ግን ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ነበሩ። ዳዊት ደግሞ ንባቡን ያጠናቀቀ ሰው መጻፍ ይችላል ማለት አልነበረም። መጻፍ የቁም ጸሓፊ ሥራ ነው፤ ቆዳ መፋቅና ብራና ማዘጋጀት፥ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም መበጥበጥ፥ የመቃ ብዕር መቅረጽ፥ መሥመር ማስመር ለብቻው የሚለመድ የእጅ ጥበብ ነበረ። በቤተ መንግሥትም ጸሓፌ ትእዛዝ የሚባል ባለሥልጣን ነበረ፤ ንጉሡ ይናገራል፥ ጸሓፊው ይጽፋል። መኳንንቱም ደብዳቤ ሲያሻቸው የሚያስጽፉት በደብተራ እጅ ነበረ።

ይህን ያመጣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዓይናማው ሊቅና ዓይናማው ጌታ አሳባቸውን በቃል ተናግረው በሌላ እጅ የሚያስጽፉ ከሆነ፥ ዓይነ ሥውሩ ሊቅም እንዲሁ ማድረጉ ከሌሎቹ አያሳንሰውም ነበር። ጸሓፊ ማስቀመጥ የጉድለት ምልክት ሳይሆን የተለመደ ወግ ነበረ። ስለዚህ በዚያ ዘመን «የጽሕፈት ችግር ያለበት ተማሪ» የሚባል ነገር አልነበረም ለማለት እንደፍራለን። ዓይነ ሥውር አልነበረም ማለታችን አይደለም፤ መጻፍ የዕውቀት መለኪያ አልነበረም ማለታችን ነው።

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ተረት የመጽሐፍን ክብር ይናገራል። ይሁን እንጂ የጎጃም ሊቃውንት ትልቁን ሀብታቸውን ያስቀመጡት በቃል እንደ ሆነ አንዘንጋ።

በቅኔ ቤት ተማሪው እንዴት ይመዘን ነበር

የቅኔ ተማሪ አሠራሩ የታወቀ ነው። መምህሩ ግሡንና አገባቡን፥ ምስጢሩንና ታሪኩን በቃል ያወርዳል። ተማሪው ከዚያ ወጥቶ ከዛፍ ሥር ወይም ከጎጆው ጥግ ይቀመጥና ደበሎውን ተከናንቦ ቅኔ ይቆጥራል። የሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃናም ሆነ የስምንት ቤቱን መወድስ የሚሠራው በአእምሮው ውስጥ እንጂ በወረቀት ላይ አይደለም። ከዚያ በኋላ ወደ መምህሩ ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም ቃሉን እየሰማ ያቃናለታል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። ዓይናማው ተማሪ ራሱ አሳቡን ለመሰብሰብ ፊቱን ይሸፍናል። በዚህ ሥራ ላይ ዓይን ምንም ብልጫ አይሰጥም።

ንባብ ቤትም የራሱ ሥርዓት ነበረው። ፊደል የለየ ልጅ በግእዝ ንባብ፥ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ደረጃ በደረጃ ያልፋል። ያልዘለቀውን መምህሩ ወደሚቀጥለው አያሻግረውም፤ የዘለቀውንም ከሌሎች ጋር እንዲጠብቅ አያስገድደውም። አንዱ በአንድ ዓመት የሚጨርሰውን ሌላው በሦስት ዓመት ሊጨርስ ይችላል። ማታ ማታ ደግሞ የቃል ትምህርት ነበረ። ጨለማው ሲይዝ መጽሐፍ አይታይምና ውዳሴ ማርያሙና መልኩ የሚጠናው ከታላቅ ተማሪ አፍ በመስማት ነው። በዚያች ሰዓት ዓይናማውና ዓይነ ሥውሩ ፍጹም እኩል ናቸው።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፥ መምህሩ እያንዳንዱን ተማሪ በየቀኑ በጆሮው ይመዝን እንደ ነበረ ነው። ይህ ማን እንደሚያነብ፥ ማን እንደሚረሳ፥ ማን በቃል እንደሚጠነክር የሚታወቅበት የዕለት ምርመራ ነበረ ማለት ይቻላል። ስም አልነበረውም፤ ሥራው ግን ነበረ።

ሆኖም ነገሩን ከልኩ በላይ ማሳመር አይገባም። አለንጋው ብዙ ልጆችን አስመርሯል። ተማሪው አኩፋዳውን ይዞ በየደጁ እየለመነ ነበር የሚኖረው፤ ዓይነ ሥውሩም ከውሻና ከገደል የሚያድነው መሪ ያሻዋል። ለሴቶች ልጆች በሩ ከሞላ ጎደል ዝግ ነበረ። በትምህርቱም ውስጥ ቢሆን ሁሉ ክፍል እኩል አልተመቸም። በቅኔ ዓይን አያስፈልግም ብለናል፤ ድጓ የሚማር ግን ከቃሉ በላይ የተጻፈውን የዜማ ምልክት ተከትሎ ከመጽሐፉ ጋር መዋል አለበት። አንዱ ዓይነ ሥውር በአንዱ ሥራ ምንም ሳይጎድለው በሌላው ሊቸገር ይችል ነበር ማለት ነው። ይህ ነጥብ ለድምዳሜያችን ስለሚያስፈልገን አንባቢ እንዲይዘው እናሳስባለን።

የብዕሩ በር

በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ የተስፋፋው ትምህርት የተማሪን ዕውቀት የሚለካው በወረቀት ነው። በክፍሉ ውስጥ ሃምሳና ስድሳ ልጆች ተቀምጠው እያለ መምህሩ የእያንዳንዱን ቃል ሊሰማ ጊዜ የለውም። ስለዚህ በሰሌዳ ይጽፋል፥ እነርሱም ይገለብጣሉ፤ በጽሑፍ ይጠይቃል፥ እነርሱም በጽሑፍ ይመልሳሉ። ከዚያም በማያውቃቸው አራሚ ፊት የሚቀርብ የአገር አቀፍ ፈተና ይመጣል።

ይህ አሠራር ለብዙ ሺሕ ልጆች በር ከፍቷል፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ይሁን እንጂ ያው በር ለአንዳንዶች ተዘጋ። ብዕር የጥቂት ሰዎች ሙያ መሆኑ ቀርቶ ለሁሉም የዕውቀት መግቢያ በር ሆነና፥ ዓይነ ሥውሩ፥ እጁ የሰለለው፥ ፊደሉ በዓይኑ ላይ የሚደበላለቅበት ልጅ ሁሉ በአንድ ጊዜ «የማይችል» ተባለ። በመግቢያችን ላነሣነው ጥያቄ መልሱ እንግዲህ ይህ ነው። የተለወጠው የልጁ አካል አይደለም፤ የተሰጠው ሥራ ነው።

ብሬልና አንባቢው

ለተዘጋው በር የመጀመሪያው ቁልፍ ብሬል ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል በስድስት ነጥቦች የሚጻፈውን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1829 አሳተመ። ወደ አገራችን ያመጡት የሚሲዮን ሰዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1925 ገደማ በደምቢ ዶሎ ዓይነ ሥውራንን ማስተማር እንደ ጀመሩ ይነገራል። በኋላም በሰበታ፥ በባኮና በሻሸመኔ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ1960 ደግሞ የኢትዮጵያ ዓይነ ሥውራን ብሔራዊ ማኅበር ተመሠረተ። ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች ወጥተው ጠበቃ፥ መምህርና የመንግሥት ሠራተኛ የሆኑ ብዙ ናቸው። ለምሳሌ በሻሸመኔ የተማሩት የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

ብሬል በአማርኛ ሲጻፍ የራሱ ጠባይ አለው። በስድስት ነጥብ ሊሠሩ የሚችሉት ምልክቶች 63 ብቻ ናቸው፤ የፊደል ገበታችን ግን 33 በ7፥ ማለት 231 ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ምልክት መስጠት አልተቻለም፤ ተነባቢው ለብቻ፥ አናባቢው ለብቻ ይጻፋል። በቀለም አንዲት ፊደል የሆነችው «ላ» በብሬል ሁለት ቦታ ትይዛለች። በዚህም የተነሣ ጽሑፉ ይረዝማል፥ ወረቀቱ ይበዛል፥ መጽሐፉ ይከብዳል።

መሣሪያውም ጠባይ አለው። በስሌትና በስታይለስ የሚጽፍ ተማሪ ወፍራሙን ወረቀት ከጀርባው እየወጋ ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፋል፤ ለማንበብ ወረቀቱን አውጥቶ ይገለብጠዋል። ስለዚህ የጻፈውን እየተመለከተ ማረም አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1951 በአሜሪካ መመረት የጀመረው የፐርኪንስ የብሬል መኪና ይህን ችግር አቃለለ። ስድስት ቁልፎች አሉት፤ የተጻፈው ወዲያው ወደ ላይ ስለሚወጣ ጸሓፊው በጣቱ እየዳሰሰ ያርማል። ነገር ግን ዋጋው ውድ ነው፤ ወደ አምስት ኪሎ ስለሚመዝንም ከቤት ወደ ትምህርት ቤት በእግሩ ለሚሄድ ልጅ ሸክም ነው። ስሌቱ በኪስ ይገባል።

ትልቁ ችግር ግን ከዚህም ይለያል። ተማሪው በብሬል አሳምሮ ቢጽፍ ማን ያነብለታል? በአዳሪው ትምህርት ቤት መምህሩ ብሬል ያውቃል። ልጁ ወደ ተራው ትምህርት ቤት፥ እንደ ሉማሜ ወዳለ ከተማ ሲመለስ ግን ብሬል የሚያነብ መምህር ማግኘት ከባድ ነው። ያን ጊዜ ጽሑፉ ለራሱ ማስታወሻ ከመሆን አያልፍም። በፈተና ቀን ጥያቄውን የሚያነብለትና መልሱን የሚያጠቁርለት ሰው ይመደብለታል። ያ ሰው ቢቸኩል፥ የእንግሊዝኛውን ቃል አጥፍቶ ቢያነብ ወይም ትምህርቱን የማያውቅ ቢሆን፥ የሚወድቀው አንባቢው ሳይሆን ተማሪው ነው። በብዙ ቦታም ዓይነ ሥውራን ተማሪዎች ሒሳብና የተፈጥሮ ሳይንስ እንዲቀርባቸው ሲደረግ ኖሯል። ይህ የልጁ አእምሮ ያወጣው ፍርድ አይደለም፤ በእጁ ያለው መሣሪያ ለሥራው ስላልበቃ ብቻ የተወሰነ ነው።

ሉዊ ብሬል ራሱ ይህን ችግር አውቆት ነበር። ዓይነ ሥውሩ የጻፈውን ዓይናማው እንዲያነበው ብሎ፥ የተለመዱትን የላቲን ፊደላት ቅርጽ በነጥብ የሚሥል ሌላ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1839 አወጣ። ከእርሱም በፊት እ.ኤ.አ. በ1808 ገደማ ፔሌግሪኖ ቱሪ የተባለ ኢጣሊያዊ ለአንዲት ዓይነ ሥውር ወዳጁ የጽሕፈት መኪና ሠርቶ ነበር። ስለዚህ የጽሕፈት መኪና ታሪክ በጅምሩ ዓይነ ሥውር ሰው ለዓይናማ ወዳጁ ደብዳቤ እንዲጽፍ ከማሰብ ጋር የተያያዘ ነው። ሁለቱም ሰዎች አስቀድመው የጠየቁት «የሚያነበው ማን ነው?» ብለው ነው።

ከጽሕፈት መኪና ወደ ኮምፒዩተር

በአገራችን የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲነሣ የኢንጂነር አያና ብሩ ስም ይጠራል። ችግሩ ከብሬሉ ችግር ጋር ዝምድና አለው፤ 231 ፊደል በጥቂት ቁልፎች ላይ እንዴት ይቀመጥ? መፍትሔውም ተመሳሳይ ሆነ። ፊደሉ ወደ ግንድና ወደ ቅጥል ተከፈለ፤ ግንዱ ከተመታ በኋላ ቅጥሉ ይጨመርበታል። መልኩ ከቁም ጽሕፈት ያነሰ ቢሆንም መኪናው ብዙ ሥራ ሠርቷል። ቁልፉን በጣቱ የሸመደደ ዓይነ ሥውር ለዓይናማ አንባቢ መጻፍ ይችላል፤ የጻፈውን ግን ራሱ መልሶ ማንበብ አይችልም። ብሬል ለጸሓፊው ይነበባል፥ ለመምህሩ አይነበብም፤ የመኪናው ጽሑፍ ለመምህሩ ይነበባል፥ ለጸሓፊው አይነበብም። የቴፕ መቅጃ ሲመጣም ትምህርቱን ለመስማት እጅግ ረዳ፤ ነገር ግን መስማት መጻፍ አይደለም።

ሁለቱን ወገን በአንድ ላይ ሊያገናኝ የቻለው ኮምፒዩተር ነው፤ ዓይነ ሥውሩ ይጽፋል፥ ማሽኑ መልሶ ያነብለታል፥ መምህሩም ያየዋል። ይሁን እንጂ በአማርኛ ይህ ቶሎ አልሆነም። ቀደም ብለው የወጡት የአማርኛ ፊደላት እርስ በርሳቸው የማይግባቡ ነበሩ፤ ብዙዎቹም የተቀመጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ነው። ጽሑፉ ለዓይን አማርኛ ሲሆን፥ ለሚያነበው ፕሮግራም ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላት ድብልቅ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን በዩኒኮድ የራሱን ቦታ ሲያገኝ ይህ መሰናክል ተነሣ። ዛሬ ኤንቪዲኤ የተባለው የስክሪን ማንበቢያ ያለ ዋጋ ይገኛል፤ አማርኛን የሚያነብ ድምፅም አለ፤ ድምፁ ግን እንደ ሰው አንደበት ለስላሳ አይደለም። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2017 አማርኛን በድምፅ ከሚጻፉት ቋንቋዎች መካከል ጨምሯል። ለእጁ ሰላላ ይህ የቀድሞው ጸሓፊ በአዲስ መልክ እንደ ተመለሰ ይቆጠራል።

ምርመራው ከመሣሪያው ይቅደም

ከላይ የዘረዘርነው ታሪክ አንድ ነገር ያስተምራል። ጉድለት የሌለበት መሣሪያ የለም፤ እያንዳንዱ ለአንድ ሥራ ይመቻል፥ ለሌላው አይመችም። ጆይ ዛባላ የተባሉ አሜሪካዊት የትምህርት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያቀረቡት ሥርዓት ይህንኑ ይላል። በመጀመሪያ ተማሪውን፥ ከዚያ የሚማርበትን አካባቢ፥ ከዚያ የሚሠራውን ሥራ መርምር፤ መሣሪያውን በመጨረሻ ምረጥ ይላሉ።

ይህን ወደ ምሥራቅ ጎጃም ብናመጣው ቢያንስ አራት ጥያቄዎች ይወጣሉ ብለን እናስባለን። አንደኛ፥ ተማሪው ምን ይችላል? ጥቂት የሚያይ ከሆነ ከፊት መቀመጥ፥ ወፍራም ብዕርና ትልቅ ፊደል ይበቃው ይሆናል፤ ለእርሱ ብሬል መስጠት የቀረችውን ዓይን መናቅ ነው። ሁለተኛ፥ የሚጽፈው ለማን ነው? ለራሱ ማስታወሻ ከሆነ ስሌቱ ይበቃል፤ ለመምህሩ ከሆነ ግን መምህሩ የሚያነበው መሆን አለበት። ሦስተኛ፥ ሥራው ምንድን ነው? ድርሰት የሚጽፍ ሰው እየሰረዘ ማረም ይፈልጋል፤ ሒሳብ የሚሠራ በመሥመር የሚዳሰስ ቁጥር ይፈልጋል። በቅኔና በድጓ መካከል ያየነው ልዩነት እዚህ ይመለሳል። አራተኛ፥ ቦታው ምን ይመስላል? መብራት በሚቆራረጥበት፥ የተበላሸ ኮምፒዩተር የሚጠግን በሌለበት ቀበሌ ኮምፒዩተሩ በመጋዘን ተቆልፎ ይቀራል። ስሌቱ መብራት አይፈልግም።

እዚህ ላይ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። አንዳንድ ሰው «አገሪቱ ደሀ ናት፤ መጀመሪያ መሣሪያው ይምጣ፥ ምርመራው ቅንጦት ነው» ሊል ይችላል። ክርክሩ ክብደት አለው፤ በባዶ እጁ የተቀመጠ ተማሪ ምርመራ አያጠግበውም። ነገር ግን ድህነት ራሱ ምርመራውን ያስገድዳል እንላለን። ሀብታም ያልተስማማውን ጫማ ጥሎ ሌላ ይገዛል፤ ደሀ ግን አንዴ የገዛው ካልሆነለት በባዶ እግሩ ይሄዳል። ደግሞም የዚህ ምርመራ ዋጋ ብዙ ገንዘብ አይደለም። መምህሩ ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ ሲጽፍ ቢያየው፥ ሲያነብ ቢሰማው፥ «የት ላይ ነው የሚያቅትህ?» ብሎ ቢጠይቀው አብዛኛው ይገለጣል። የቅኔው መምህር በየዕለቱ ያደርገው የነበረ ነው።

ሕጉም ቢሆን ይህን ይደግፋል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 ተቀብላለች። ከዚያም አስቀድሞ፥ እ.ኤ.አ. በ2006፥ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ወጥቷል። ወረቀቱ አለ። የሚቀረው በየትምህርት ቤቱ የልጁን ሥራ ቀርቦ የሚያይ ሰው ነው።

ማጠቃለያ

የመረመርነውን በአጭሩ እንሰብስብ። በጎጃም የቅኔ ቤት ዓይነ ሥውሩ ሊቅ ለመሆን የቻለው ሥራው ብዕር ስላልጠየቀውና መምህሩ በየዕለቱ በጆሮው ስለሚመዝነው ነው። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ብዕሩን መግቢያ በር ሲያደርገው፥ ቀድሞ ያልነበረ ችግር ተወለደ። ብሬሉም፥ መኪናውም፥ ኮምፒዩተሩም ለዚህ ችግር በየተራ የመጡ መልሶች ናቸው፤ የእያንዳንዱም ብቃት ተማሪው ማን እንደ ሆነ፥ ለማን እንደሚጽፍ፥ ምን እንደሚጽፍና የት እንደሚጽፍ ሳይታወቅ አይፈረድም።

ወደ ቃል ትምህርት እንመለስ አንልም። ዛሬ ያለ ጽሑፍ ፍርድ ቤት ቆሞ መከራከር፥ መሥሪያ ቤት ገብቶ መሥራት፥ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መመራመር አይቻልም። እኛ የምንለው፥ በሉማሜም ሆነ በሌላ ቦታ ያለ ልጅ መልሱን በሌላ ሰው እጅና በሌላ ሰው ትጋት ላይ ጥሎ ከሚፈተን፥ በራሱ እጅ ወይም በራሱ ድምፅ ጽፎ ስሙን ከላይ ቢያኖርበት ተገቢ ነው ነው። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ነገ መምህራን ሆነን ወደ የአውራጃው እንበተናለን። እንዲህ ያለ ተማሪ በክፍላችን ባገኘን ጊዜ፥ ምን እንግዛለት ከማለታችን በፊት አጠገቡ ቁጭ ብለን ሥራውን እንይ።